የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ሊኑክስን ባልተለመዱ ኮምፒውተሮች ላይ ስለ መጫን

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከከሚሴ የደረሱን ደብዳቤዎች ወደ አንድ ጉዳይ የሚያመሩ ስለሆኑ በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጠያቂዎቻችን ሊኑክስ የተባለውን በነጻ የሚገኝ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በየሱቁ ከምናገኘው ላፕቶፕ ለየት ባለ ማሽን ላይ ለመጫን ሞክረዋል፤ አብዛኞቹም የመጫኛው የመጀመሪያ ገጽ እንኳ ሳይመጣላቸው ቀርቷል። እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥም ብዙ ሰው የሊኑክሱን ዓይነት እየቀያየረ ደጋግሞ ያወርዳል፤ ይህ ግን በውድ የተገዛ የኢንተርኔት ጥቅል ከማስጨረስ በቀር እምብዛም አይረዳም። ማንኛውም ኮምፒውተር እንደተከፈተ ቀድሞ የሚሠራው በቦርዱ ላይ የተቀመጠው፣ ፈርምዌር የተባለው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ፈርምዌሩ የማስነሻውን ፋይል የሚፈልገው በተወሰነ ቦታና በተወሰነ መልክ ስለሆነ፣ እዚያ ካላገኘው የተቀረው ሶፍትዌር ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ተራው አይደርሰውም። ስለዚህ ከማውረድ በፊት መታወቅ ያለበት የፕሮሰሰሩ ዓይነትና ፈርምዌሩ የሚፈልገው ነገር ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። በውጭ አገር የሚኖሩ የአካባቢያችን ተወላጆች አይቡክ ጂ4 የተባሉ ነጫጭ የአፕል ላፕቶፖች በስጦታ ልከውልናል። ተማሪዎች እንዲገለገሉባቸው ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት በፍላሽ ላይ ጽፈን ስንሞክር፣ በስክሪኑ መሐል የጥያቄ ምልክት ያለበት ፎልደር ብልጭ ድርግም ከማለት በቀር ምንም አይታይም። አንድ ባለሙያ ሃርድ ዲስካቸው ተበላሽቷልና ጣሏቸው ብሎናል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ላፕቶፖቹን መጣሉን ያቆዩት። የጥያቄ ምልክት ያለበት ፎልደር የሚያመለክተው ፈርምዌሩ ሊነሳበት የሚችል ሲስተም አለማግኘቱን ብቻ ነው፤ ጤነኛ ሆኖ ባዶ የሆነ ሃርድ ዲስክም ይህንኑ ምልክት ያሳያል።

አይቡክ ጂ4 እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ፕሮሰሰሩ ፓወር ፒሲ የተባለው ነው። አፕል ወደ ኢንቴል ፕሮሰሰር እንደሚዞር ያስታወቀው በ2005 ነበርና የእናንተ ላፕቶፖች የቀድሞው ዘመን ሥራዎች ናቸው። በፍላሹ ላይ የጻፋችሁት ኡቡንቱ ደግሞ ለ64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች የተዘጋጀው እንደሆነ ከደብዳቤዎ ተረድቻለሁ። በዚያ ፍላሽ ላይ ያሉትን ትእዛዞች ለፓወር ፒሲ መስጠት አማርኛ ብቻ ለሚያነብ ሰው በማያውቀው ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ እንደ መስጠት ነው፤ ደብዳቤው ስሕተት የለበትም፣ ሰውየውም ጤነኛ ነው፣ ነገር ግን አይነበብም። ሁለተኛው ምክንያት ፈርምዌሩ ነው። አይቡክ የሚነሳው ባዮስ ወይም ዩኢኤፍአይ በተባሉት ሳይሆን ኦፕን ፈርምዌር በተባለው ነው፤ ይህም ዲስኩ በአፕል በራሱ የፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) አሠራር እንዲከፋፈልና ማስነሻው ኤችኤፍኤስ በተባለው የአፕል የፋይል አደረጃጀት በተዘጋጀ ትንሽ ፓርቲሽን ላይ እንዲቀመጥ ይፈልጋል።

ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁ በስሙ ላይ ፓወር ፒሲ የሚል ያለበት የመጫኛ ፋይል ነው። በእነዚህ ላፕቶፖች በፍላሽ መነሳት ቢቻልም አስቸጋሪ ስለሆነ በሲዲ ወይም በዲቪዲ እንድትጀምሩ እመክራለሁ። ዲስኩን በዝቅተኛ ፍጥነት ጻፉት፤ የመክፈቻውን ድምፅ እንደ ሰማችሁም «ሲ» የተባለውን ፊደል ተጭናችሁ ያዙ። ላፕቶፑ ዲስኩን ከተቀበለ በኋላ ለጥቂት ጊዜ አሽከርክሮ ከቆመና እንደገና ጀምሮ እንደገና ከቆመ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የዲስኩ ሳይሆን ያረጀው አንባቢ ነው። የአይቡክ ጂ4 አንባቢ ዲስኩን በቀጭን ክፍተት የሚስብ እንጂ ወደ ውጭ የሚወጣ መደርደሪያ ያለው ስላልሆነ ሌንሱን ከውጭ ማጽዳት አይቻልም፤ አነስተኛውን ባለ 8 ሴንቲ ሜትር ዲስክም በፍጹም አታስገቡበት። ዲስክ ገብቶ አልወጣ ካለ፣ ላፕቶፑን እንደገና ስታስነሱ ከመዳሰሻው በታች ያለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ብትይዙ ይተፋዋል።

አንባቢው ጨርሶ ከከሸፈ ሌላ መንገድ አለ። ላፕቶፑ ሲከፈት «ቲ» የተባለው ፊደል ተይዞ ከቆየ ማሽኑ በፋየርዋየር ኬብል ከሌላ ማክ ጋር እንደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገናኛል፤ በዚህ መንገድ አንባቢው በሚሠራው ላፕቶፕ በኩል በማይሠራው ዲስክ ላይ መጫን ይቻላል። ብዙ ተመሳሳይ ላፕቶፖች በአንድ ቤት መኖራቸው የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ደኅና አንባቢ ለሌሎቹ ሁሉ ይበቃል። ኮማንድ፣ ኦፕሽን፣ «ኦ» እና «ኤፍ» በአንድነት ተይዘው ማሽኑ ሲከፈት ደግሞ የኦፕን ፈርምዌር ትእዛዝ መቀበያ በነጭ ስክሪን ላይ ይመጣል። ከዚያ የሚነሳበትን ዲስክና ፋይል በእጅ ጽፎ ማዘዝ ይቻላል፤ ለልምድ ያህል መመልከቱ መልካም ቢሆንም በሲዲ የተነሳ ማሽን ይህ አያስፈልገውም።

በመጫኛው ውስጥ ዲስኩን የመከፋፈል ተራ ሲደርስ በራሱ የሚያቀርብላችሁን አከፋፈል ተቀበሉ። በእጅ የምትከፋፍሉ ከሆነ በመጀመሪያ ላይ የተቀመጠችውን ትንሿን የማስነሻ ፓርቲሽን ቦታ የምትፈጅ መስሏችሁ እንዳታጠፏት፤ እርሷ ከጠፋች ሊኑክሱ ሙሉ በሙሉ ተጭኖ እያለ ያው የጥያቄ ምልክት ተመልሶ ይመጣል።

የትኛውን ሲስተም እንጫን ለሚለው፣ ምርጫው ኮምፒውተሮቹ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኛሉ ወይስ አይገናኙም በሚለው ላይ ይወሰናል። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ለዚህ ፕሮሰሰር በይፋ ያወጣው የመጨረሻ እትም በ2015 የወጣው ዴቢያን 8 ነው፤ በ2017 ከወጣው ከዴቢያን 9 ጀምሮ ፓወር ፒሲ ከይፋዊው ዝርዝር ወጥቷል። ላፕቶፖቹ መማሪያ መጻሕፍትን ለማንበብ፣ ለመተየብና የኪቦርድ ልምምድ ለማድረግ ብቻ ከሆኑና ከኔትዎርክ ጋር ካልተገናኙ፣ በዴቢያን ማኅደር ውስጥ ያሉት የዴቢያን 8 ዲቪዲዎች ያለ ኢንተርኔት ሁሉንም ነገር ስለሚሰጧችሁ ለቤተ መጻሕፍታችሁ ከሁሉ የተሻሉ ናቸው ብዬ አምናለሁ። የደኅንነት ማሻሻያው ግን ከቆመ ዓመታት ስላለፉ በዚህ እትም ኢንተርኔት አትክፈቱ። ኢንተርኔት ግድ ከሆነ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በጎ ፈቃደኞች የሚንከባከቡት ዴቢያን ፖርትስ ነው፤ በየጊዜው የሚታደስ ቢሆንም የሙከራ ደረጃ ላይ ያለውን ሶፍትዌር የሚከተል በመሆኑ አንዳንድ ፓኬጅ (ተዘጋጅቶ የሚጫን የሶፍትዌር ጥቅል) የማይጫንበት ጊዜ ያጋጥማል። ሁለተኛው ኦፕን ቢኤስዲ ነው፤ ይህ ሊኑክስ ባይሆንም ነጻ ነው፣ በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ያወጣል፣ ለእነዚህ ማኮችም የራሱ ቅርንጫፍ አለው።

ከሁለቱም ግን የዘመኑን ከባድ ድረ ገጽና ቪዲዮ አትጠብቁ። ጂ4 ቁጥሮችን በሜሞሪ ውስጥ የሚያስቀምጥበት ቅደም ተከተል ከኢንቴሉ ተቃራኒ ነው፤ የዛሬ የብራውዘር ሠሪዎች ሥራቸውን በዚህ ቅደም ተከተል ስለማይፈትሹት ገጾች ቀለማቸው ተዛብቶ ወይም እጅግ ተንቀርፍፈው ይታያሉ። ይህ የእናንተ የአጫጫን ስሕተት እንዳይመስላችሁ።

ሁለት ጉዳዮች ቀርተዋል። የገመድ አልባው ኔትዎርክ ካርድ ብሮድኮም ስለሆነና ነጻ ያልሆነ ፈርምዌር ስለሚፈልግ በመጫን ጊዜ ላይሠራ ይችላል፤ የኔትዎርክ ገመድ ተጠቀሙ። እንዲሁም አይቡክ ለሰዓቱ የተለየ ባትሪ የለውም፤ ዋናው ባትሪ ከሞተና ቻርጀሩ ከተነቀለ፣ ወይም መብራት ከጠፋ፣ ቀኑ ወደ ብዙ ዓመታት ኋላ ይመለሳል። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር የፓኬጆቹን ፊርማ «ገና ጊዜው አልደረሰም» ብሎ አይቀበልም፤ ስለዚህ ማሻሻያ ሲከለከል ከሁሉ በፊት ቀኑን አስተካክሉ።

አማርኛን በተመለከተ አትስጉ። የግእዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት መጫን ይበቃል፤ መተየቢያው ደግሞ ኤም17ኤን በተባለው ፓኬጅ ውስጥ ይገኛል። የዴቢያን መጫኛ ራሱ በአማርኛ ሊሠራ ይችላል፤ አማርኛ በምርጫው ዝርዝር የሚታየው ግን በግራፊክስ የሚከፈተው መጫኛ ሲመረጥ ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግእዝ ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ ሰነዶች በቤተ መጻሕፍቱ ካሏችሁ፣ ወደ ዩኒኮድ ሳትቀይሩ ብትከፍቷቸው ትርጉም የሌላቸው የላቲን ምልክቶች ሆነው ይታያሉ፤ መቀየሩን አሁን በሚሠራው የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ቀድማችሁ ጨርሱ።

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ አለኝ። ኪቦርዱ የሚነቀል፣ አቶም ፕሮሰሰር ያለው አነስተኛ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቻለሁ። ዊንዶውስ 10 ዲስኩን ሞልቶታል፣ ሥራም አላሠራ ብሎኛል። ሊኑክስ የተጻፈበት ፍላሽ በሌሎች ኮምፒውተሮች ላይ ሲነሳ በዚህ ላይ ግን በምርጫው ዝርዝር ውስጥ እንኳ አይታይም። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት እንደሆነ አረጋግጫለሁ።

መልስ፦ እመቤቴ፣ ያረጋገጡት ትክክል ነው፤ ያልተረጋገጠው ፈርምዌሩ ነው። ከ2013 ጀምሮ በወጡት ቤይ ትሬይል በተባሉት ብዙ የአቶም ታብሌቶች ውስጥ ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ሆኖ ሳለ ዩኢኤፍአይ ፈርምዌሩ 32 ቢት ተደርጎ ተሠርቷል። እንዲህ ያለ ፈርምዌር በፍላሹ ላይ «ኢኤፍአይ» በሚለው ፎልደር፣ በውስጡም «ቡት» በሚለው ፎልደር ውስጥ የሚፈልገው «ቡት አይኤ32» የተባለውን ፋይል ነው። አብዛኞቹ የ64 ቢት መጫኛዎች ያላቸው «ቡት ኤክስ64» የሚባለውን ብቻ ስለሆነ ፈርምዌሩ ፍላሹን እንደሌለ ይቆጥረዋል። ይኸው ችግር በ2006 አካባቢ በወጡት የመጀመሪያዎቹ የኢንቴል ማኮችም ላይ አለ።

መፍትሔው ሲስተሙን ወደ 32 ቢት ማውረድ አይደለም። የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት የሆነው ክፍል) በ2014 ከወጣው ከ3.15 ጀምሮ 64 ቢት ሆኖ ከ32 ቢት ፈርምዌር መነሳት ይችላል፤ የሚያስፈልገው 32 ቢቱ የግራብ ማስነሻ ብቻ ነው። ፍላሹን በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ከላይ የጠቀስሁት ፋይል መኖሩን በዓይንዎ ይመልከቱ፤ ካለ ይነሳል፣ ከሌለ ግን ፋይሉ ያለበትን መጫኛ ይምረጡ። በ2015 ከወጣው ከዴቢያን 8 ጀምሮ የዴቢያን ሠሪዎች ይህን ዓይነት ማሽን አስበውበታል። ከ2023 ወዲህ ባሉት ከዴቢያን 12 በሚጀምሩ እትሞች ደግሞ ነጻ ያልሆኑት የዋይፋይ ፈርምዌሮችም አብረው ስለሚመጡ ፍለጋው ቀንሷል።

የማሽንዎ አንዱ ችግር ማገናኛው ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ታብሌቶች ያላቸው አንድ ጠባብ የዩኤስቢ ቀዳዳ ሲሆን፣ እርሱም ለቻርጀሩ ጭምር ያገለግላል። ስለዚህ ፍላሽን ከጠባቡ ቀዳዳ ጋር የሚያገናኝ ኦቲጂ የተባለ ገመድና ብዙ ቀዳዳ ያለው ማከፋፈያ ያስፈልጋል፤ ፍላሹና ኪቦርዱ ሲሰኩ ደግሞ ቻርጅ ማድረግ ስለማይቻል ባትሪውን ሞልተው ይጀምሩ። የደንበኞችዎን ሰነዶች ወደ ሌላ ቦታ ሳይገለብጡ ምንም አይንኩ። ከሱቅዎ ፕሪንተርና ስካነር ጋር መስማማቱንም ከመጫንዎ በፊት ከፍላሹ ላይ ሆነው በሙከራ ያረጋግጡ፤ የፎቶ ኮፒ ሥራ ለሚሠራ ሰው ፕሪንተሩ የማይታዘዝለት ሲስተም ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን አይጠቅመውም። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ መደበኛው የማይክሮሶፍት ድጋፍ ስለቆመበት ለመቀየር መነሳትዎ ትክክል ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ በሐይቅ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። ለክበባችን ራስፕበሪ ፓይ 3 ተሰጥቶናል። የሲስተሙን ፋይል አውርደን ሚሞሪ ካርዱ ላይ ኮፒ አደረግነው፤ ቀዩ መብራት ይበራል፣ አረንጓዴው ግን ጨርሶ አይነቃነቅም። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ አልተበላሸም፤ የአረንጓዴው መብራት ዝምታ ራሱ ችግሩ የት እንዳለ ነግሮሻል። ፓይ 3 ባዮስ የለውም። መብራት ሲያገኝ ቀድሞ የሚነቃው ዋናው ፕሮሰሰር ሳይሆን የግራፊክስ ክፍሉ ነው፤ እርሱም ወደ ሚሞሪ ካርዱ ሄዶ በመጀመሪያው ፓርቲሽን ላይ «ቡትኮድ» የተባለውን ፋይል ይፈልጋል። እናንተ ያወረዳችሁት ፋይል የአንድ ሙሉ ካርድ ምስል ነው፤ ፓርቲሽኖቹም ሆኑ «ቡትኮድ» ያሉት በምስሉ ውስጥ ታጥፈው ነው። እንደ ዘፈን ወይም እንደ ፎቶ ኮፒ ስታደርጉት ካርዱ ላይ አንድ ትልቅ ፋይል ተቀመጠ እንጂ አልተዘረጋም። ራስፕበሪ ፓይ ኢሜጀር የተባለውን ፕሮግራም ወይም ሌላ ምስል ጻፊ ተጠቅማችሁ በካርዱ ላይ ጻፉት፤ ከዚያ በኋላ ካርዱን በኮምፒውተር ስትከፍቺው ብዙ ትንንሽ ፋይሎች ማየት አለብሽ።

መብራቱን መቁጠር ልመዱ። አረንጓዴው አራት ጊዜ ብልጭ እያለ የሚደጋግም ከሆነ «ስታርት» የተባለው ቀጣዩ ፋይል አልተገኘም፤ ሰባት ጊዜ ከሆነ ከርነሉ አልተገኘም ማለት ነው። ስክሪን በሌለበት ይህን ያህል የሚናገር ማሽን ጥቂት ነውና በክበባችሁ ግድግዳ ላይ ጽፋችሁ ለጥፉት።

ከተነሳላችሁ በኋላ በስክሪኑ ጥግ የመብረቅ ምልክት ከታየ ኃይሉ ከ4.63 ቮልት በታች ወርዷል፤ የስልክ ቻርጀር ሁሉ አይበቃውምና 5 ቮልትና 2.5 አምፔር የሚሰጥ ፈልጉ፣ ቀጭን ገመድም አትጠቀሙ። መብራት በድንገት በሚጠፋበት አካባቢ ዋናው የፓይ ጠላት የካርዱ ፋይል በጽሕፈት መሐል መቋረጡ ነው። ትምህርት ቤታችሁ ይህን ማሽን ሁልጊዜ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚጠቀምበት ከሆነ፣ በማስተካከያው ምናሌ ውስጥ ካርዱ እንዳይጻፍበት የሚያደርገውን ኦቨርሌይ የተባለውን ምርጫ አብሩት፤ ተማሪዎች የሚያስቀምጡት ሥራ ግን ያን ጊዜ በፍላሽ ላይ መሆን አለበት። ፓይ 3 የራሱ ሰዓት እንደሌለውም እወቂ፤ ኢንተርኔት ካላገኘ ቀኑ የተሳሳተ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከሚሴ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ፔንቲየም 4 ኮምፒውተሮችን ሊያስወግድ ነው። ዴቢያን 13 አልጫንም አለ። ለምን?

መልስ፦ በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 ለ32 ቢት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች መጫኛም ከርነልም የለውም፤ የመጨረሻው መጫኛ የዴቢያን 12 ነው። የኋለኞቹ ፔንቲየም 4ዎች አንዳንዶቹ 64 ቢት ስለሆኑ እያንዳንዱን ፈትሹ። 32 ቢት ለሆኑት አልፓይን ሊኑክስ ወይም ኔትቢኤስዲ ይሞከር። ከ1 ጊጋ ባይት በታች ራም ላለው ግን ሥዕላዊ ገጽ አትጫኑ፤ የፋይል ማከማቻ ሰርቨር ቢሆን ይሻላል።

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የኮምፒውተር ሱቅ አለኝ። ኢንተርኔት ለማይደርሳቸው ደንበኞች የሊኑክስ ዲቪዲ እየጻፍሁ በዋጋ ብሸጥ ሕግ ይከለክለኛል?

መልስ፦ አይከለክልዎትም። የሊኑክስ ከርነል በ1991 በወጣው፣ ጂፒኤል በተባለው የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ ሁለተኛ እትም ሥር ነው፤ ይህ ፈቃድ ቅጂ ሰጥቶ ዋጋ መቀበልን ይፈቅዳል። በአንጻሩ ገዢው የምንጭ ኮዱን (ፕሮግራመሮች የጻፉትን የፕሮግራሙን ጽሑፍ) የማግኘት መብት አለው፤ እርስዎም ኮዱን አብረው መስጠት፣ አለዚያም ለጠየቀ ሁሉ በማባዣ ወጪ ብቻ እንደሚሰጡ ቢያንስ ለ3 ዓመት የሚጸና የጽሑፍ ቃል መግባት አለብዎት። ቀላሉ መንገድ ዴቢያን በተጓዳኝ የሚያወጣቸውን የምንጭ ኮድ ዲስኮች በሱቅዎ ማስቀመጥ ነው።

ወደ ወልድያና ወደ ላሊበላ የሚላክ ዲስክ ከሆነ ደግሞ በሽፋኑ ላይ ለየትኛው ፕሮሰሰር እንደሆነ በጉልህ ይጻፉ፤ ገዢው ለመለወጥ ደሴ ድረስ መመለስ የለበትም። ከመጻፍዎ በፊት የወረደውን ፋይል ሻ256 የተባለውን ድምር (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) በዴቢያን ገጽ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩ፤ አንድ ፊደል ቢለይ ፋይሉ ተበላሽቷልና እንደገና ያውርዱት።